ስንት ሰው ይበቃል?

«ሰው ሊቆጥር የሚመጣ፣ ሰው ሊቀንስ ነው የሚመጣው» አለ ጮሌ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወንበሩን ግራና ቀኝ እያዞረ።

ጮሌ የሚለው ስም የወጣለት በከንቱ አልነበረም። ወሬ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገና ሳይወጣ እሱ ጋ ይደርስ ነበር።

«ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚላከው አሉ። ስልክ ለማንሳት ስንት ሰው እንደሚበቃ ቀምሮ ሊሄድ። እኛ ዘጠኝ ነን። ዘጠኝ ልክ ነው ለማለት ማን ሰው ይልካል? ዝም ብለው አይተዉንም ነበር?»

የሚያወራው ለአለቃዬ ነበር። አለቃዬ የደንበኞች ስልክ የሚነሳበት ክፍል ኃላፊ ናት፤ ስሟን ትቶ ሰው ሁሉ አለቃዬ ይላታል፣ እሷም ለምዳዋለች። ቁጭ ብላ አትታይም። ወንበር አላት፣ ግን የሚቀመጥበት ካፖርቷ ነው። እሷ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ትከሻ ስትዞር ትውላለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ስንት ደዋይ ወረፋ እንደያዘ በቀይ ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል የእሷም እርምጃ ይፈጥናል። መሥሪያ ቤቱ የቤት ዕቃ ሻጭ ነው። የገዙት ልብስ ማጠቢያ ውሃ አልለቅ ሲል፣ ማቀዝቀዣው ማሞቅ ሲጀምር፣ ምድጃው ግማሽ ጎኑ ብቻ ሲግል ሰዎች የሚደውሉት እዚህ ነው፤ የሚጮኹትም እዚህ ነው።

የጮሌ ወሬ ሆዷ ገባ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሁሉንም ሰበሰበች።

«ስሙኝ። ሰውዬው እዚህ እስካለ ድረስ ስልክ ላይ መንዛዛት የለም። ቶሎ ማንሳት፣ ቶሎ መመለስ፣ ቶሎ መዝጋት። ቀርፋፋ የመሰለ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።»

«እኔ እንኳ ሰውን በችኮላ አናግሬ አላውቅም፣ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ።

እትዬ የክፍሉ ታላቅ ነበሩ። ባለቤታቸው ታመው አልጋ ከያዙ ወዲህ ቤታቸው የሚቆመው በእሳቸው ደመወዝ ነው። ደንበኛ እየጮኸ ሲገባ «እስቲ መጀመሪያ ትንፋሽ ውሰድ ልጄ» ብለው ይጀምራሉ፣ የማጠቢያውን ነገር ትተው የደዋዩን እናት ጤና ጠይቀው ይጨርሳሉ። ማጠቢያውም፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ መጨረሻ ላይ ይሠራል።

«እኔም የፈራሁት ለእርስዎ ነው» አለቻቸው አለቃዬ። እውነቷን ነበር።

ሰውዬው ከቀጠሮው ቀድሞ ደረሰ። አለቃዬ ጠዋት በሩን ገፍታ ስትገባ አንድ ረጅም ወጣት፣ ቦርሳውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያየ ቆሟል። እሷ ደግሞ ወንበር ጠጋኝ ላኩልኝ ብላ ስትለምን የከረመች ናት።

«እሰይ! በስንት ልመና መጡ!» አለችው። «ይኸኛው ነው። ሲቀመጡበት ይንገዳገዳል። ያኛውም ጎማው አልዞር ብሏል፣ ግን ከዚህ ይጀምሩ።»

ወጣቱ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። እሷ ግን ተናግራ መልስ የምትጠብቅ ሰው አይደለችም፤ መብራት ልታበራ ሄዳለች። ስትመለስ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ወንበሩን ዘቅዝቆ፣ በቤቱ ቁልፍ ጫፍ ብሎን ሲያጠብቅ አገኘችው። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«ከእንግዲህ አይንገዳገድም» አላት። «እኔ ግን የመጣሁት ወንበሩን ሳይሆን የሚቀመጥበትን ሰው ለመቁጠር ነበር።»

ጮሌ ከኋላ ገብቶ ሰምቶ ኖሮ ሳቁን ለመደበቅ ጠረጴዛ ሥር ገባ። አለቃዬ ፊቷ ጋለ። ምን ይዋጠኝ አለች በሆዷ። ወጣቱ ግን አልሳቀባትም፤ ዓይኑን አሳርፎባት ቆየ፣ ከሚገባው በላይ ትንሽ ቆየ። እሷም ሰሌዳውን ለማየት የዞረች መስላ ዞረች። ሰሌዳው ገና አልበራም ነበር።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ክፍሉ ስም አወጣለት፤ ቀማሪው።

ቀማሪው ትርፍ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን እየተዘዋወረ ስልክ ሲሰማ ከረመ። አይናገርም፤ ይሰማል፣ ሰዓት ያያል፣ ይጽፋል። ክፍሉም እንደታዘዘው ሮጠ። ሥራው «እሺ፣ ባለሙያ ይደውልልዎታል፣ መልካም ቀን» ብሎ መዝጋት ሆነ። ጮሌ አንዷን ሴትዮ ስሟን እንኳ ሳትጨርስ አሰናበታት። እትዬም «ትንፋሽ ውሰድ» የሚለውን ተዉት፤ የራሳቸው ትንፋሽ ነው ያጠራቸው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ አንድ ቀን፣ ማዳመጫቸውን አውልቀው ጆሯቸውን እያሹ። «ይቺ ልጅ ትናንትም ደውላለች። ዛሬም ደወለች። ነገም ትደውላለች።»

«ትንሽ ይታገሡ፣ እትዬ። ሊሄድ ነው።»

ሊሄድ ነው ስትል ግን ዓይኗ እሱን ፈለገ። ነገሩን ላድበስብስ አልልም፤ ወድዳዋለች። መውደዷንም የነገራት እግሯ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትዞር እግሯ ሳታዘው እየወሰደ እሱ ካለበት ወንበር ጀርባ ያቆማት ጀመር። ቆማ ደግሞ የምትለው ይጠፋታል፤ የጠረጴዛውን አቧራ በጣቷ ጠርጋ ትሄዳለች። የጠረጴዛ ጽዳት በዚያ ሰሞን እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

አንድ ቀን በሻይ ሰዓት መስኮቱ አጠገብ ብቻቸውን ሆኑ።

«ለመሆኑ እንዴት ነው የሚሰላው?» አለችው። «የስልኩን ብዛት ለሰው ማካፈል ነው?»

«እንደዚያ ቢሆንማ እኔን ማን ይቀጥረኝ ነበር?» አለ። «ሰው በየተራው ቢናደድ አምስት ሰው በበቃችሁ። ግን ሰው በየተራው አይናደድም። ሰኞ ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ይናደዳል።»

ሳቀች። ሳቋ ስላስደሰተው ሻዩን ረስቶ ማስረዳቱን ቀጠለ።

«መጀመሪያ በየግማሽ ሰዓቱ ስንት እንደሚደወል አያለሁ። ቀጥሎ አንዱ ጥሪ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ። ቀጥሎ ደዋዩ ሳይሰለች ምን ያህል ሊጠብቅ እንደሚችል። ከዚያ ደግሞ ሰው ነውና ይታመማል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ያን ሁሉ አስቤ ይሄን ያህል ሰው ያስፈልጋል እላለሁ።»

«ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ካየህ ትቀንሰዋለህ ማለት ነው» አለች። ወዲያው ደንግጣ «ይቀንሱታል» ብላ አስተካከለች።

«እሱን ብቀንስማ ሁሉም ይበላሻል። ሁሉም ሰው ሁልጊዜ ከተያዘ ወረፋው አያልቅም። አንድ ሰው ነጻ መሆን አለበት፣ ለሚመጣው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ምን?»

«ነጻ ነዎት ወይስ ተይዘዋል?»

ከአፏ እንዴት እንዳመለጣት አታውቅም። መስኮቱን አየች። እሱም መስኮቱን አየ። ከመስኮቱ ውጭ የሚታይ ነገር ቢኖር የጎረቤቱ ሕንፃ ግድግዳ ነበር።

«ነጻ ነኝ» አለ። «ግን አንቱ እያልሽኝ ስንት ዓመት ልጠብቅ?»

ከዚያች ቀን ወዲህ አንተና አንቺ ሆኑ። ማታ ከሥራ ሲወጡ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ይሸኛት ጀመር፤ አውቶቡሱ ሲመጣ «የሚቀጥለው ይሻላል፣ ይሄ ሞልቷል» ትለዋለች። ግማሽ ባዶ ነበር።

«ለምንድን ነው ቁጭ የማትይው?» ሲል ጠየቃት።

«ቁጭ ስል የሆነ ነገር የሚወድቅ ይመስለኛል። አባቴ ሲሞት እናቴና ትንንሾቹ በእኔ ላይ ቀሩ። ያን ጊዜ ተነሣሁ፣ አሁንም እንደተነሣሁ ነኝ።» ከዚያ በላይ ለማንም ነግራ አታውቅም። «አንተስ?»

«እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ሰውን ስለምድ ጊዜዬ ያልቃል። ቁጥሩን ሰጥቼ እሄዳለሁ። ቁጥሩ ልክ ይሁን አይሁን አንድም ቦታ ተመልሼ አይቼ አላውቅም። እዚህ ግን ሥራውን እያጓተትኩት ነው። አስተውለሻል?»

አስተውላለች እንጂ! ደስታው አላስተኛ ብሏታል። ግን ከደስታው ሥር አንድ ነገር ይከነክናታል። በየቀኑ ክፍሉ በትእዛዟ ይሮጣል፣ እሱም ያንን ሩጫ እውነት ብሎ ይጽፋል። ንገሪው ይላታል ልቧ። አታላይ ናት ይለኛል ብላ ትፈራለች። አንድ ማታ ፌርማታው ላይ ቆርጣ «ስማ፣ አንድ ነገር…» ብላ ጀመረች። አውቶቡሱ መጣ። በዚያን ቀን ሞልቷል አላለችም፤ ዘላ ገባችበት።

እናቷ ሳይቀሩ ገባቸው። «ምን ሆነሻል? እንደተጣደ ውሃ እኮ ትንተከተኪያለሽ» አሏት። «ሥራ ነው» አለች። እናት «የሥራው ቁመት ረጅም ነው አጭር?» ብለው ሳቁባት።

በመጨረሻ ቀማሪው ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ፊቱ በርቶ ወጣና ወደ እሷ ገሠገሠ።

«ሥራ አስኪያጁ አምስት ይበቃል ብለው ነበር። ተከራክሬ፣ ተከራክሬ ስድስት አስደረግሁት!»

«ስድስት?»

«ጥሪያችሁ አጭር ነው። እንደናንተ ፈጣን ክፍል አይቼ አላውቅም። ልትኮሪ ይገባሽ ነበር።»

አለቃዬ ያኔ ገባት። ጥሪ በአጭር ጊዜ ካለቀ ጥቂት ሰው ይበቃል። እንዳይቆረጡ ብላ ያስሮጠቻቸው ሰዎች የተቆረጡት በሩጫቸው ነው። ይህን ሻይ እየጠጣ በግልጽ አስረድቷት ነበር፤ እሷ ግን ያን ጊዜ ትሰማ የነበረው ድምፁን ነው እንጂ ስሌቱን አልነበረም።

«ሦስቱስ?» አለች።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ለሙከራ ቤታቸው ይቆያሉ። ሥራው በስድስት ሰው ከተቻለ ይሰናበታሉ።»

«እትዬ አሉበት?»

«የእሳቸው ጥሪ ከሁሉም ይረዝማል» አለ ቀስ ብሎ።

በዚያች ቅጽበት እውነቱን ብትናገር ነገሩ ሁሉ በዚያው ባለቀ። አልተናገረችም። ግማሹ ቁጣ በራሷ ላይ ነበር፤ ራስን መቆጣት ስለሚከብድ ግን ጠቅላላውን ለእሱ ሰጠችው።

«አብረሃቸው ሻይ ጠጥተህ! የባላቸውን ሕመም በጆሮህ ሰምተህ!»

«ሥራዬ እኮ ነው…»

«እንግዲያው ሥራህን ይዘህ ሂድልኝ። ዓይንህን አልይ!»

ቀማሪው ቦርሳውን አነሣ፣ ወጣ። እሷም በዚያው ቀን ቁጥሩን ከስልኳ ዘጋችበት፤ እንዳይደውልላት ዘግታ ደግሞ ለምን አልደወለም እያለች ስልኳን ታያለች። የፍቅር ነገር እንዲህ ነው፣ ፍርድ የለውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አይጣል ነው። ስድስቱ ምሳቸውን ጠረጴዛ ላይ እየጎረሱ ያነሣሉ፣ ይዘጋሉ፣ ያነሣሉ። የሚደውለው ግማሹ ባለፈው ሳምንት «መልካም ቀን» ተብሎ የተሰናበተ ሰው ነው፤ ቀኑ መልካም ስላልሆነለት ተመልሶ መጣ። ቀዩ ቁጥር አይወርድም። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ከሥራ አስኪያጁ በር ደርሳ እጇን ለማንኳኳት አንሥታ ተመልሳለች። ብትናገር ትባረራለች፤ ብትባረር እናቷን ማን ይይዛል?

አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ብርቱካን ገዝታ እትዬ ቤት ሄደች። ቤቱ ጠባብና ንጹሕ ነው። ባለቤታቸው ከአልጋቸው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧት። እትዬ አንዲት ቃል አልወቀሷትም፤ ቢወቅሷት በተሻላት ነበር።

«ደህና ነኝ፣ የኔ ልጅ። ሥራ አይጠፋም» አሉ ብርቱካኑን እየላጡ። «ብቻ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ የማንን ስልክ አነሣለሁ?»

የተላጠውን ብርቱካን ሰጧት። ሳትበላው ይዛው ወጣች።

በማግስቱ ጮሌ ማዳመጫውን በእጁ ሸፍኖ ጠራት። «አለቃዬ፣ አንድ ደንበኛ ካንቺ ሌላ አላናግርም ይላል።»

«ምን ተበላሽቶበት ነው?»

«እኔ እንጃ። ማጠቢያ የለኝም ይላል፣ ማቀዝቀዣ የለኝም ይላል። እንግዲህ የተበላሸው እሱ ራሱ መሆን አለበት።»

ማን እንደሆነ ገባት። አንገቷን በእምቢታ ነቀነቀች። ጮሌም ወደ ስልኩ ተመልሶ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ለዚህ ዓይነቱ ብልሽት መለዋወጫ የለንም» ብሎ ዘጋ። ሰውዬው ግን ተስፋ አልቆረጠም። ጥሪ የሚደርሰው ነጻ ለሆነ ሰው ስለሆነ ዛሬ አንዷ ጋ፣ ነገ ሌላው ጋ ይወድቃል። ሁሉም በየተራ አናገሩት። የጠበቀውን ያህል ጠብቆ፣ እሷን ሲያጣ ይቅርታ ብሎ፣ ይዘጋል።

አንድ ሰኞ ከስድስቱ ሁለቱ ታመው ቀሩ። አለቃዬ ካፖርቷን ወረወረችና ተቀመጠች፣ ማዳመጫም አጠለቀች። ጥቂት ደንበኞች እንዳስተናገደች መስመሩ ጠራ።

«የደንበኞች አገልግሎት፣ ምን ልርዳዎ?»

የመጣው ድምፅ የቀማሪው ነበር።

«ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ» አለ።

እጇ ወደ መዝጊያው ሄደ።

«መዝጋት ትችያለሽ» አለ ፈጠን ብሎ። «ከመዝጋትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። በእኔ ስሌት እዚህ መስመር ላይ ማንም ከአንድ ደቂቃ በላይ መጠበቅ የለበትም። እኔ ግን በደወልኩ ቁጥር እጠብቃለሁ፤ ሙዚቃውን በቃሌ ይዤዋለሁ። የትም ቦታ ቁጥሬን ተመልሼ አይቼው አላውቅም ብዬሽ ነበር። አሁን አየሁት፣ ስሕተት ነው። ግን ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ አላገኘሁትም። ያላየሁት ምንድን ነው?»

አለቃዬ ቀና አለች። ቀዩ ቁጥር እየጨመረ ነው። እዚያ መስመር ላይ የሚደውል ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው፣ ጥሪው ለአገልግሎት ጥራት ይቀረጻል የሚል ድምፅ ነው። ቅጂውን ሥራ አስኪያጁ ይሰሙታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚህ መስመር ላይ የወጣ ደግሞ ተመልሶ አይገባም።

«ይቀረጻል» አለችው።

«አውቃለሁ።»

ዓይኗን ጨፈነች። «እንግዲያው ይቀረጽ። አስሮጥኳቸው። አንተ ከመምጣትህ በፊት ሰብስቤ፣ ቶሎ ዝጉ፣ ቀርፋፋ የመሰለ ይቆረጣል አልኳቸው። የለካኸው ፍርሃታቸውን ነው። እትዬ ያነጋገሩት ሰው ተመልሶ አይደውልም፤ እኛ አጣድፈን የሸኘነው ግን ሦስቴ ይመለሳል። ላድናቸው ብዬ በገዛ እጄ አስቆረጥኳቸው። ከዚያ ደግሞ አንተን ሰደብኩህ። ስትሄድ አላለቀስኩም፣ አሁን ግን ላለቅስ ነው።»

«እኔም ልቀረጽ» አለ እሱ። «አንዲት ሴት ስለ አንድ ማቀዝቀዣ ሦስት ጊዜ ስትደውል ሰምቻለሁ። ሦስት ጥሪ ብዬ ጻፍኩ። ጀማሪ እንኳ ለምን ተመለሰች ብሎ ይጠይቃል፤ እኔ አልጠየቅሁም። ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነበር፣ ዓይኔ አንቺ ላይ።»

«እየተቀረጸ ነው እኮ!»

«ይቀረጽ አልሽ እኮ። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እሱም አብሮ ይቀረጽ። ታገቢኛለሽ?»

ጮሌ የራሱን ደንበኛ ረስቶ አፉን ከፍቶ ያያታል። ፊቷ ምን እንደመሰለ እሱ ነው የሚያውቀው። ቀዩ ቁጥር እንደገና ጨመረ።

«ሌላ ደንበኛ እየጠበቀ ነው» አለችና ዘጋችው።

ቀጥሎ የገባው ሰው ምድጃው አልበራ ብሎት ይጮህ ነበር። «እስቲ መጀመሪያ ትንፋሽ ይውሰዱ» አለችው። ለእሱ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ ሁለቱም ትንፋሽ ወሰዱ።

ሥራ አስኪያጁ የጠሯት በማግስቱ ነው። ሽበታቸው የገፋ፣ ቁጣቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው። ተቀመጪ አሏት፣ ቆማ ቀረች።

«ቀማሪው ቁጥሬ ስሕተት ነው ብሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፏል። ማስረጃ አምጣ ብለውታል። ማስረጃው እዚህ ነው» አሉ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ማሽን በጣታቸው መታ አድርገው። «ከእኔ በቀር የሰማው የለም። ዝም ካልኩ አንድ ሰው እጨምርልሻለሁ፣ አንቺም ቦታሽ ላይ ትቆያለሽ። ወደ ላይ ከላክሁት ልኬቱ ይሰረዛል፣ ሦስቱም ይመለሳሉ። አንቺ ግን እዚህ አትቆዪም። ቤት እንደምታስተዳድሪ አውቃለሁ፤ ሄደሽ አስቢበት።»

እናቷ ትዝ አሏት። ብርቱካኑም።

«ይላኩት፣ ጋሼ» አለች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «አላሰብሽበትም።»

«ሳስብበት ነው የከረምኩት።»

ልትወጣ ስትል እንደገና ጠሯት። «ደግሞ አንድ ሌላ ጥፋት አለብሽ። መጨረሻ ላይ ደንበኛው ጥያቄ ጠይቋል። መልስ ሳትሰጪ ዘግተሻል። ይህን ደንባችን አይፈቅድም።» አልሳቁም፤ ወዲያው ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ።

ልኬቱ ተሰረዘ። ሌላ ሰው ተልኮ እንደ አዲስ ለካ፤ በዚህኛው ጊዜ ማንም አልሮጠም፣ የወጣውም ቁጥር አሥር ነበር። ከሦስቱ አንዱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ስለነበር አልተመለሰም፤ እትዬና ሌላዋ ግን ተመለሱ። ቀማሪው ከቀማሪነቱ ተነሥቶ ፋይል ክፍል ተመደበ። አለቃዬም ኃላፊነቷን አስረከበች።

የመጨረሻዋ ቀን ላይ ካፖርቷን ክንዷ ላይ ጥላ ሁሉንም ተሰናበተች። ጮሌ ቀልድ ሊጀምር ሞክሮ አልሆነለትም፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የቀሩት እትዬ ናቸው፤ እሳቸው ስልክ ላይ ነበሩ። እስኪጨርሱ ብላ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ቆመች።

ቀማሪው ከታች እየወጣ ነበር። ሲያያት እመሐል ደረጃ ላይ ቀጥ አለ።

«ዛሬ እንደምትወጪ ጮሌ ነገረኝ» አለ። «ስልኬ ላይ ሳይሆን በዚያው መስመር። ጠብቄ ነው ያገኘሁት።»

«ሥራ ፈትቻለሁ» አለችው።

«እኔም ፋይል እየደረደርኩ ነው። ደመወዜም ቀንሷል።»

«እናቴ ደስ አይላትም።»

«የኔም እናት።»

ሳቁ፣ ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም። እሱ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ከአጠገቧ ቆመ። ጥያቄውን አልደገመውም። ዓይኗን ሊያይ ፈልጎ ፈራ፤ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ የደረጃውን ብረት ያዘ። እሷም ብረቱን ይዛ ነበርና ጣቶቻቸው ተነካኩ። ማናቸውም አላነሡም።

በሩ ገርበብ ያለ ነው፤ የእትዬ ድምፅ ይሰማል። «አይዞህ፣ አትቸኩል ልጄ፣ እዚሁ ነኝ። መጀመሪያ ውሃውን ዝጋና ና። አዎ፣ ሂድ፣ እጠብቅሃለሁ።» ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። ደዋዩ የቤቱን ውሃ ሊዘጋ ሄዶ መሆን አለበት። እትዬ ይጠብቃሉ። የሚያጣድፋቸው የለም።

አለቃዬ ያንን ዝምታ ቆማ ሰማችው። ውስጧ ከርሞ ሲንተከተክ የቆየው ነገር ምን ጊዜ እንደበረደ አላወቀችም። ወደ ቀማሪው ዞረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት አየችው፣ እንደምትወደውም ያለ አንዳች ጥርጥር አወቀች።

«እሺ» አለችው።

«ምኑን?»

«የጠየቅኸኝን። እሺ።»

ቀማሪው ብረቱን ለቅቆ እጇን ያዘ።

ከውስጥ «መጣህ ልጄ? ደግ። አሁን ደግሞ ቀስ ብለህ በሩን ክፈተው» ይላሉ እትዬ። ሊሰናበቷቸው ስለፈለጉ፣ ጥሪው እስኪያልቅ ሁለቱም እዚያው ቆመው ጠበቁ።